ስቴንስልን በቤት ውስጥ ለመጀመር

ሥዕል መሣል ሳይችል ቤቱን በገዛ እጁ ማስዋብ ለሚፈልግ ሰው ከስቴንስል የተሻለ መነሻ አላውቅም። ቅርጹ ተቆርጦ በወጣለት ስስ ነገር ላይ ቀለም ሲመታ፣ ከሥሩ ባለው ጨርቅ፣ እንጨት ወይም ግድግዳ ላይ ያው ቅርጽ ይቀራል። ቀደም ሲል በየትምህርት ቤቱ የፈተና ወረቀት ይባዛበት የነበረው ሰም የተቀባ ወረቀትም የሚሠራው ቀለምን በተከፈተ ቀዳዳ በማሳለፍ ነበር።

ለጀማሪ የምመክረው ጨርቅ አቡጀዲ ነው፤ ዋጋው አይከብድም፣ ቀለምም በደንብ ይይዛል፤ ነገር ግን አዲሱ ጨርቅ ያለበት ማጠንከሪያ ቀለሙ ወደ ክሩ እንዳይገባ ስለሚከለክል አስቀድሞ ታጥቦ መተኮስ ይኖርበታል። ቅርጹ ለሚቆረጥበት ስስ ነገር አሮጌ የራጅ ፊልም የሚተካከለው የለም። ፊልሙ በረኪና በተጨመረበት ውሃ ሲዘፈዘፍ ምስሉን የያዘው ሽፋን ይለቅና ብርሃን የሚያሳልፍ ጠንካራ ፕላስቲክ ይቀራል፤ ይህን ሲሠሩ ጓንት ማድረግና መስኮት መክፈት ያስፈልጋል። በጥጉ ላይ የታማሚው ስም ሊኖር ስለሚችልም ያንን ክፍል አስቀድሞ ቆርጦ ማስወገድ ተገቢ ነው።

ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው የቅርጹ አወጣጥ ነው። በጨርቁ ላይ «ሰላም» ብለን መጻፍ ፈለግን እንበል። «ሰ» እና «ላ» ዙሪያቸው ያልተዘጋ ስለሆነ እንደተጻፉ ይቆረጣሉ፤ «ም» ላይ ስንደርስ ግን በክቦቹ ውስጥ ያለው ፕላስቲክ የሚይዘው ስለሌለው ተቆርጦ ይወድቃል፣ ፊደሉም ድፍን ይሆናል። ስለዚህ ከክቡ ውስጥ ወደ ውጭ የሚያገናኝ፣ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ድልድይ ሳይቆረጥ መተው አለበት። «ወ»፣ «ቀ» እና «ዐ» እንዲሁም እንደ «ቤ» እና «ሌ» እግራቸው ላይ ቀለበት ያላቸው ፊደላት ሁሉ ይህን ይጠይቃሉ። ድልድዩን በእያንዳንዱ ፊደል ላይ በአንድ አቅጣጫ ማሳለፍ ጽሑፉን ወጥ መልክ ይሰጠዋል፤ እኔ ቀጥ ብሎ ከላይ ወደ ታች የሚወርደውን እመርጣለሁ። ሲቆረጥ ደግሞ ከትንንሾቹ ቀዳዳዎች መጀመር ይበጃል፣ ምክንያቱም ትልልቆቹ ከወጡ በኋላ ፕላስቲኩ ይልፈሰፈሳል፤ ክብ መስመር ላይም ምላጩን ከማዞር ይልቅ ፊልሙን ማዞር ጠርዙን ያጠራዋል።

ከፊደል ወደ ጌጥ መሻገር ለሚሻ የጥበብ ቀሚስ ጥለት ቀጥ ባሉ መስመሮች ስለሚሠራ ለጀማሪ እጅ አያስቸግርም። ውስጡ በቀዳዳ የተዋበው የመስቀል አሠራራችን ደግሞ ለዚህ ሥራ የተዘጋጀ ይመስላል፦ ብረቱ ሁሉ እርስ በርሱ የተያያዘ በመሆኑ ቀዳዳዎቹን ብቻ ብንቆርጥ የሚወድቅ ነገር የለም። ነገር ግን መስቀልን ለምንጣፍ ወይም ለእግር መጥረጊያ ማዋል አይገባም የሚል ጽኑ እምነት አለኝ፤ ለመጋረጃ ወይም ለመጽሐፍ መሸፈኛ ይሁን።

ቀለሙን በተመለከተ፣ ለጨርቅ አክሪሊክ ወይም ለጨርቅ ተብሎ የተዘጋጀ ቀለም፣ ለግድግዳ ደግሞ የተለመደው የፕላስቲክ ቀለም ይሆናል። ፊልሙ እንዳይንሸራተት በማስኪንግ ቴፕ ከተያዘ በኋላ፣ ጸጉሩ አጭርና ጠንካራ የሆነ ብሩሽ ወይም ቁራጭ ስፖንጅ በጥቂቱ ቀለም ይነካል፤ ከዚያም በአሮጌ ጋዜጣ ላይ ደረቅ እስኪመስል ድረስ ይመታል። በዚህ ጊዜ የሚያስፈራው የቀለም ማነስ ሳይሆን መብዛቱ ነው፤ የበዛ ወይም በውሃ የቀጠነ ቀለም ከፊልሙ ሥር ገብቶ ጠርዙን ያበላሻል። ብሩሹ ቀጥ ብሎ ተይዞ ከጠርዙ ወደ መሃል ጠብ ጠብ ይደረጋል እንጂ እንደ ግድግዳ አይቀባም፤ የመጀመሪያው ዙር ሳስቶ ከታየ፣ ሲደርቅ በላዩ ሌላ ስስ ዙር መድገም ይቻላል።

ፊልሙ የመጨረሻው ዙር ቀለም ሳይደርቅ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይነሣና ወዲያውኑ በውሃ ይታጠባል፤ በድልድዮቹ ላይ የደረቀ ቀለም ቀዳዳውን እያጠበበ ስለሚሄድ ይህን ማስተላለፍ አይገባም። ጨርቁ አንድ ቀን ሙሉ ከደረቀ በኋላ ስስ ጨርቅ ጣል ተደርጎበት፣ ያለ እንፋሎት፣ በሞቀ ካውያ ለጥቂት ደቂቃ ይተኮሳል። የመጀመሪያውን እጥበት ለጥቂት ቀናት አቆይቶ በቀዝቃዛ ውሃ በእጅ ማጠብ ይሻላል።