የአንድ ሰዓት ውድድር ጎማ

ነሐሴ 9፣ ማራኪ፣ ጎንደር

ከሰዓት በኋላ የጀመረው ዝናብ ከቤት ስላላስወጣኝ፣ ለሦስት ሳምንታት ስሞክረው የቆየሁትን የአንድ ሰዓት ውድድር ዛሬ ከመነሻው እስከ መጨረሻው ነዳሁት። ባለፈው ሳምንት 19ኛው ዙር ላይ እያለሁ መብራት ጠፍቶ የለፋሁበት ሁሉ ከንቱ ስለቀረ፣ ዛሬ እስኪያልቅ ድረስ ልቤ ተንጠልጥሎ ነበር።

ጨዋታው ግራን ቱሪስሞ 7 የተባለው የመኪና ውድድር የቪዲዮ ጨዋታ ነው። የመረጥኩት መንገድ ቤልጂየም ውስጥ በአርደን ደን መካከል የሚገኘው ስፓ ፍራንኮርሻም ሲሆን፣ የታወቀው የ24 ሰዓት ውድድር እ.ኤ.አ. በ1924 የተጀመረው በዚያ ነው። አንዱ ዙር 7.004 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ በእኔ መኪና 2 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ገደማ ስለሚወስድ፣ በአንድ ሰዓት 25 ዙር ያህል እነዳለሁ። ጎማውም ነዳጁም ከተለመደው ፈጥኖ እንዲያልቅ አድርጌ ውድድሩን ያዘጋጀሁት ራሴ ነኝ፤ አለዚያ አንዱን ጎማ ከሌላው መምረጥ ትርጉም አይኖረውም።

ለደረቅ መንገድ ለስላሳ፣ መካከለኛና ጠንካራ የውድድር ጎማዎች አሉ። ለስላሳው መንገድ አጥብቆ ይይዛል፣ ግን ቶሎ ያልቃል፤ ጠንካራው ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። እኔም ረጅም ውድድር ዕድሜው የረዘመ ጎማ ይፈልጋል ብዬ ስለማምን፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ በጠንካራው ስነዳ ቆየሁ። መኪናው ሳይንሸራተት፣ ጎማው ሳያልቅ፣ እኔም ሳልሳሳት ሁልጊዜ ወደኋላ እቀር ነበር፤ ምክንያቱ የገባኝ ደብተር አውጥቼ የየዙሩን ሰዓት መጻፍ ስጀምር ነው።

አዲስ ለስላሳ ጎማ አንዱን ዙር በ2 ደቂቃ ከ18 ሰከንድ ያስጨርሰኛል። መካከለኛው ከእሱ 1.3 ሰከንድ፣ ጠንካራው ደግሞ ከመካከለኛው 1.5 ሰከንድ ይዘገያል። ፒት (ከመንገዱ ዳር ያለው የውድድር መኪኖች ማቆሚያ) ገብቶ ጎማ ለውጦና ነዳጅ ሞልቶ መውጣት 35 ሰከንድ ገደማ ያስከፍለኛል። ነዳጁ 14ኛው ዙር ላይ ስለሚያልቅ በየትኛውም ጎማ ብነዳ አንድ ጊዜ መቆሜ አይቀርም፤ ሳላስተውለው የቆየሁትም ይህንኑ ነው። ጠንካራው ጎማ 20 ዙር ቢቆይልኝ ምን ይጠቅመኛል? ማንኛውም መኪና ለነዳጅ በሚቆምበት ሰዓት እኔም ቆሜ ጎማ እለውጣለሁ፤ ስለዚህ ያልተጠቀምኩበትን ዕድሜ በየዙሩ 1.5 ሰከንድ እየከፈልኩ ስገዛው ነበር። በ25 ዙር 37.5 ሰከንድ ይሆናል፤ ከአንድ ሙሉ የፒት ቆይታ ይበልጣል። ለስላሳው በበኩሉ በ25 ዙር 32.5 ሰከንድ ያተርፋል፤ ነገር ግን ከ7 ዙር በላይ ስለማይቆይ ሦስት ጊዜ ያስቆማል፣ ሁለቱ ተጨማሪ ቆይታዎችም 70 ሰከንድ ይወስዳሉ።

ስለዚህ የቀረው መካከለኛው ነው፤ እሱም እንከን አለው። እስከ 10ኛው ዙር ደህና ነው፤ ከዚያ በ11ኛው ግማሽ ሰከንድ፣ በ12ኛው አንድ ሰከንድ፣ በ13ኛው 1.8 ሰከንድ ያጎድልብኛል። ቀድሞ ቢሆን ጎማው መድከም ሲጀምር ደንግጬ ፒት እገባ ነበር። የሦስቱ ዙሮች ኪሳራ ተደምሮ 3.3 ሰከንድ ብቻ መሆኑን ካየሁ በኋላ ግን፣ በደከመ ጎማ ታግሶ መንዳት መልመድ እንዳለብኝ ወሰንኩ።

ይህን መልመድ ከሂሳቡ ይልቅ ከበደኝ፤ የረዳኝም አጎቴ ነው። ጋሼ በጭነት አይሱዙ ከጎንደር ተነሥቶ፣ ደባርቅን አልፎ፣ ሊማሊሞን ወርዶ ሽሬ ድረስ ለዓመታት ሲያመላልስ የኖረ ሰው ነው። ልጅ ሳለሁ ማታ ሲመለስ መዳፉን የፊት ጎማዎቹ ላይ ቀስ አድርጎ ሲያሳልፍ አየው ነበር፤ አንዱ ጠርዝ ከሌላው ይልቅ ልሞ ከተገኘ ቶሎ ጎሚስታ ዘንድ ይወስደዋል። ባለፈው እሑድ አጠገቤ ተቀምጦ ስነዳ ሲያየኝ ቆየና፣ «የእኔ ልጅ፣ ጎማ ሜዳ ላይ አያልቅም፤ ፍሬን እንደያዝክ መሪ ስታዞር ነው የሚያልቀው» አለኝ።

ላ ሱርስ የምትባለው የመጀመሪያዋ መታጠፊያ ወደ ቀኝ በጣም የምትጠብ ስለሆነች የመኪናው ክብደት ግራው የፊት ጎማ ላይ ይወድቃል። እዚያ ዘግይቼ ፍሬን ይዤ መሪውን በግድ አዞር ነበር፤ ጎማው ሲደክም ደግሞ መሪውን ባዞርም መኪናው በመጣበት አቅጣጫ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ዛሬ ጥቂት ሜትር አስቀድሜ ፍሬን ያዝኩ፣ ፍሬኑን እየለቀቅኩ መሪውን ቀስ ብዬ አዞርኩ፣ ነዳጅ የሰጠሁትም መኪናው ከተቃና በኋላ ነው። በስክሪኑ ላይ የግራውን የፊት ጎማ ሁኔታ የሚያሳየው መስመር ከወትሮው ቀስ ብሎ ነበር የሚያጥረው። 13ኛውን ዙር ጨርሼ ፒት የገባሁት ከገመትኩት 1.8 ሰከንድ ይልቅ 1.1 ሰከንድ ብቻ ዘግይቼ ነው። ሁለተኛውንም ክፍል በመካከለኛው ጎማ ነዳሁና ሁለተኛ ወጣሁ።

እስካሁን የጨዋታውን ዝናብ ዘግቼ ነው የነዳሁት። ስፓ ሰፊ ስለሆነ አንዱ ወገን ሲዘንብበት ሌላው ደረቅ ሊሆን ይችላል፤ አዘዞ ዶፍ ሲወርድ ፒያሳ አቧራ እንደሚሆነው ማለት ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ዝናቡን እከፍተዋለሁ፤ ለእርጥብ መንገድ የሚሆኑትን ሁለት ጎማዎች በየትኛው ዙር መለወጥ እንደሚሻል ለመጻፍ ደብተሩ ላይ ባዶ ገጽ ትቻለሁ።