ማርቆስ ላይ ጊታርና ማሲንቆ

ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለኮንሰርት የሚሄድ ግን በኪሎ ሜትሩ አይሸወድ። ከጎሃ ጽዮን ቁልቁል፣ ዓባይን ተሻግሮ ደጀን ድረስ ሽቅብ ነው፤ ከፊት የጭነት መኪና ከተደረደረ በረሃው ብቻ ግማሽ ቀን ይበላል። ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ናትና ጋቢ ይያዝ።

ትኬቱ 12 ሰዓት ይላል፣ ኢንዲ ፖፕ የሚጫወተው ባንድ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ወጣ። ቀድሞ መግባቱ አይቆጭም፤ የምሽቱ ምርጥ ነገር የድምፅ ሙከራው ነበር። ኢንዲ ፖፕ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ እንግሊዝ ውስጥ ከትልልቅ አሳታሚዎች ርቀው በትንሽ ገንዘብ በሚቀርጹ ወጣቶች የጎላ ሙዚቃ ነው፦ ጊታሩ ጥርት ያለ፣ ዘፋኙ የማይጮህ። እነዚህኞቹ አራት ናቸው፤ ጊታር፣ ባስ፣ ድራምና ማሲንቆ።

በሙከራው ያስቸገረው ማሲንቆው ነው። ሆዱ ቆዳ ስለሆነ ስፒከሩ ሲጮህ አብሮ ይርገበገባል፤ ማይኩ ያንኑ ተቀብሎ ለስፒከሩ ይመልሳል፣ ከዚያ አዳራሹ ያፏጫል። የድምፅ ባለሙያው ሞኒተሩን፣ ማለትም ሙዚቀኞቹ ራሳቸውን የሚሰሙበትን ስፒከር፣ ከማይኩ ጀርባ አዞረው፤ ሚክሰሩ (የድምፅ ማስተካከያው) ላይም ያንን የሚያፏጨውን ድምፅ ብቻ ፈልጎ ቀነሰ። ጠቅላላውን ቢቀንስ ኖሮ ማሲንቆው ጭራሽ አይሰማም ነበር። ዘፋኙም ማይኩን ከጭንቅላቱ እንዳይጨብጥ ተነገረው፤ በእጅ ሲታፈን ከኋላ የሚመጣውንም ድምፅ ይሰበስባል። ሦስተኛው ዘፈን ላይ ረስቶ ጨበጠው፣ ሁላችንም ጆሯችንን ያዝን።

ሌላው እርጥበቱ ነው። ቆዳው ሲርስ ይላላል፣ ቅኝቱም ይወርዳል። ማሲንቆ ተጫዋቹ ወደ ውጭ ወጥቶ ቡና ከምታፈላው ሴት ከሰል በላይ አንድ ክንድ ያህል ከፍ አድርጎ እያገላበጠ አሞቀው። «አታቅርበው ልጄ፣ ይሰነጠቅብሃል» አለችው፤ እውነቷን ነው። ሲመለስ የጭራውን ክር እንደገና ወጥሮ ከጊታሩ ጋር አስማማ።

ዘፈኖቹ በአብዛኛው በትዝታ ቅኝት ናቸው፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ጊታሩ ዶ ሜጀርና ላ ማይነር በሚባሉት ኮርዶች (አንድ ላይ የሚመቱ ድምፆች) ላይ ሲቆይ ሁሉም ድምፅ ከቅኝቱ ውስጥ ነው፤ ወደ ሌላ ኮርድ ሲሻገር ማሲንቆው ዝም ማለቱን ወደድኩት። ብዙ ባንድ ይህን አያውቅበትም፤ ሁሉም አንድ ላይ ይደበድባል።

መቆሚያውን በተመለከተ፣ ከመድረኩ ሥር ድራሙ ዘፋኙን ይውጠዋል። ሚክሰሩ አጠገብ የቆመ ባለሙያው የሚሰማውን ይሰማል።

ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። አምስተኛው ዘፈን ላይ ዝናቡ ወረደ፤ ጊታሩም ዘፋኙም ጠፉ። ድምፅ መጨመር ፉጨቱን መልሶ መጥራት ስለሆነ አልሞከሩትም። ድራሙ ብቻ ቀጠለ፣ ሕዝቡ በጭብጨባ ተቀበለው፣ ከኋላ ያሉት እስክስታውን አወረዱት፤ ሃያ ደቂቃ ያህል እንዲያ ሆነ። ዝናቡ ሲያባራ ዘፈኑን ከተቋረጠበት ቀጠሉት።

ስንወጣ በር ላይ የቆሙት ባጃጆች ሦስት ብቻ ነበሩ። ዋጋ ሳይነጋገሩ አይግቡ።