ከጭቃው ወደ ላይ

ሐምሌ ሊያልቅ ሲል እንዲህ ያደርገኛል። ጮቄ ደመናውን ተከናንቦ ይውላል፤ ማርቆስ ገና በ9 ሰዓት የመሸ ይመስላል፤ እኔም ምንም ሳልሠራ ይደክመኛል። ማውራትም ዝም ማለትም አያሰኘኝም። እንዲህ ሲሆን የማውቀው መድኃኒት ቁም ሣጥን መክፈት ነው። ፍልሰታ ደርሷል፤ በዚያ አረንጓዴ ጥለት ባለው ነጠላ ላይ የብር ጉትቻ ይሻላል ወይስ ወርቅ ቅብ የሚለውን ልጽፍ ነበር ብዕር ያነሣሁት።

ግን ጉትቻ በክረምት የመጨረሻው ጥያቄ ነው። ስልክ ላይ የምናያቸው ፎቶዎች ሁሉ ከራስ ጀምረው ወደ ታች ይወርዳሉ፦ ፀጉር፣ ጉትቻ፣ ቀሚስ፣ ጫማ። የተነሡት ደረቅ ወለል ላይ ነዋ! እዚህ ከሰኔ እስከ መስከረም የሚመርጥልን መሬቱ ነው። መጀመሪያ ጫማ፤ ጫማው የቀሚሱን ርዝመት ይወስናል፤ ርዝመቱ የመቀነቱን አስተሳሰር፤ ከዚያ ቦርሳ፤ ጆሮና አንገት በመጨረሻ። ይህን ቅደም ተከተል የገለበጠች ሴት ከበር ስትወጣ ታምራለች። አስፋልቱ ጋ እስክትደርስ ግን አንድ እጇ ቀሚስ ሰብስቦ፣ ሌላው ጃንጥላ ይዞ፣ ቦርሳው ብብቷ ሥር ገብቶ፣ ጉትቻዋን የሚያይላት የለም።

ጫማ ስንገዛ ፊቱን እናያለን፤ መገልበጥ ነበር የሚገባን። ለክረምት የሚሆን ሶል ጥርሱ ቢያንስ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ጥልቀት አለው፤ በጥርሶቹ መካከል ያለው ክፍተትም ሰፋ ይላል። ጥልቅ ሆኖ ጠባብ ከሆነ ቀዩ ጭቃ ይሞላዋል፤ አንዴ ከሞላው ከልሙጥ ሶል አይለይም። ቀጥሎ ማጠፍ ነው። ደህና ጫማ የሚታጠፈው ጣቶች ከእግር መዳፍ ጋር በሚገናኙበት ቦታ ነው። መሀሉ ላይ የሚታጠፍ ከሆነ ድጋፍ የለውም፤ ትንሽ እንደ ተራመዱበት ውስጥ እግርን ያማል። ጨርሶ አልታጠፍም ካለ ደግሞ ብዙ ጊዜ ርካሽ ፕላስቲክ ነው፤ ብርድ ሲያገኘው ይብስ ይደርቃል፤ የደረቀ ፕላስቲክ በረጠበ ኮብልስቶን ላይ እንዴት እንደሚያንሸራትት የማርቆስ ሰው አይነገረውም። የጎማ ሶል ከበድ ይላል፣ ፎቶም ላይ ቀጭን አይመስልም፤ ግን መሬት ይይዛል።

በማስቲሽ ብቻ የተጣበቀ ሶል በተደጋጋሚ ሲርስና ሲደርቅ ከጣቶቹ በኩል አፉን መክፈት ይጀምራል። የተሰፋው ይቆያል፤ ችግሩ መርፌው ያለፈባቸው ቀዳዳዎች ውሃ ማስገባታቸው ነው። ለጫማ ሰፊው ክሩን ሰም አስነክተህ ስፋው ማለት ይበቃል፤ ሰሙ ቀዳዳውን ይሞላዋል። ገና ሳይከፈት ማሰፋት ነው እንጂ ጭቃ ከገባበት በኋላ ማስቲሹም አይይዝም፤ መጀመሪያ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ አለበት።

ሰው የማያምነኝ ነገር ደግሞ አለ፤ ጫማ ሳይደረግም ያረጃል። ያ ቀለል ያለው፣ እንደ ስፖንጅ የሚለሰልሰው ሶል ብዙውን ጊዜ ፖሊዩሪቴን የሚሉት የፕላስቲክ ዓይነት ነው፤ የአየር እርጥበት ቀስ እያለ ያፈርሰዋል። ለክብር ቀን ተብሎ በፌስታል ታስሮ አልጋ ሥር ለዓመታት የተቀመጠ ጫማ፣ የተጠበቀው ሰርግ ደርሶ ሲወጣ ፊቱ አዲስ ነው፤ ሶሉ ግን መንገድ ላይ ይፈረፈራል። ሻጩን መራገም አያስፈልግም። ከመውጣት በፊት ሶሉን በአውራ ጣት ጫን ማድረግ ነው፤ ከተሰረጎደ በኋላ ካልተመለሰ ወይም ጣት ላይ ከተጣበቀ ሰርግ አይደርስም። እንዲህ ያለውን ጫማ አዘውትሮ ማድረግ እንጂ ማስቀመጥ ኪሳራ ነው። ከሰልባጅ ስንገዛም መጀመሪያ የምንፈትሸው ይህን ይሁን።

ልኩን ከሰዓት በኋላ መውሰድ ነው፤ እግር ሲዋል ያብጣል። ወረቀት መሬት ላይ አንጥፎ፣ ቆሞ፣ ሁለቱንም እግር በእርሳስ መዞር፤ ከተረከዝ እስከ ረጅሙ ጣት ለክቶ ከትልቁ እግር ላይ 1 ሴንቲ መጨመር። የክረምት ካልሲ የሚደረግበት ከሆነ ካልሲውን አድርጎ መለካት። 38 ቁጥር ከአንዱ ፋብሪካ ወደ ሌላው አንድ አይደለም፤ ሴንቲ ሜትሩ ግን የትም ያው ነው።

ታኮ የምትወዱ አትቆጡ። ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ወፍራም ታኮ ለማርቆስ ተስማሚ ነው፤ ቀሚሱን ከመሬት ያነሣል። ቀጭኑ ግን የኮብልስቶኑ መጋጠሚያ ውስጥ ይገባና የታኮውን ቆዳ ይልጠዋል። ጫፉ ላይ ያለችው ትንሽ ላስቲክ ስታልቅ ወዲያው ማስቀየር ነው፤ ብረቱ ወይም እንጨቱ መሬት መንካት ከጀመረ ታኮው ራሱ ያጥራል፣ ያኔ ሁለቱንም እግር እኩል ማድረግ ያስቸግራል። ሸበጥ ደግሞ በጭቃ ቀን የሚሠራውን ተንኮል ብዙዎች አያስተውሉም። በእያንዳንዱ እርምጃ ተረከዙ እየተፈናጠረ ጭቃውን ከኋላ ወደ ላይ ይረጫል። ነጭ ቀሚስ ከፊት ንጹሕ ሆኖ ከኋላ እስከ ባት የተነጠበጠበ ከሆነ ጥፋቱ የሸበጡ ነው።

ባሕር ዳር ሌላ አገር ነው። ከ1,800 ሜትር ከፍታ ወደኛ ከ2,400 በላይ ሲወጣ ነጠላ ጫማው ካልሲ ይለብሳል። እዚያ ሜዳ ነው፤ ሴቶቹ ብስክሌት ይነዳሉ፤ የነሱ ጭንቀት ሰፊ ቀሚስ ሰንሰለት ውስጥ እንዳይገባ ነው። አንዱን ጎን ሰብስቦ በፀጉር ላስቲክ ማሰር በቂ ነው። እቀናባቸዋለሁ።

ወደ ቀሚሱ። ጫማው ተደርጎ ነው ርዝመቱ የሚለካው፤ በጭቃ ወቅት ከመሬት ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ከፍ ማለት አለበት። አዲስ ማሰፋት አያስፈልግም፤ መቀነት ለዚህ ነው የተፈጠረው። መቀነቱን ጠበቅ አድርጎ ማሰርና ቀሚሱን ከላዩ ሳብ አድርጎ ማስተኛት፤ 5 ሴንቲ ያህል ያጥራል። ደጀ ሰላም ሲደርሱ መልቀቅ ነው። ወገቧ አጭር የሆነ ሰው ሰፊ መቀነት ባትታጠቅ ይሻላል፤ ደረትና ዳሌዋን ያገናኝባታል፤ ጠበብ ያለው ያስረዝማታል። ሽንሽን ለምትወድ ደግሞ ጨርቁን አስቀድማ ታስብ፤ ሙሉ ሽንሽን የወገቡን 3 እጥፍ ይበላል። ወገብ 75 ሴንቲ ከሆነ 2 ሜትር ከ25 ማለት ነው፤ ያ ሁሉ ጨርቅ ሲርስ ክብደቱ መከራ ነው። ቴትሮን የሆነ እንደሆነ በሙቀት የተያዘው እጥፋት ከታጠበም በኋላ ይመለሳል፤ የጥጡ ግን በእያንዳንዱ እጥበት እንደ አዲስ ካውያ ይጠይቃል።

ነጠላውን በረኪና ውስጥ የሚነክሩ ሰዎች አሉ። በረኪና የጥለቱን ቀለም ይበላል፤ ክሩንም ያሳሳል። ቀለም ይለቅ እንደሆነ ለማወቅ ነጭ ጨርቅ አርሶ ጥለቱ ላይ ጫን ማድረግ ነው። ከለቀቀ መዘፍዘፍ ክልክል፤ በቀዝቃዛ ውሃ ቶሎ አሸት አሸት አድርጎ፣ ጥለቱ ነጩን ሳይነካ ዘርግቶ ማስጣት። የሚያብለጨልጭ ክር ካለበት ካውያው በግልባጩ፣ ከላይ ጨርቅ ተደርጎ፤ ያ ክር ብዙውን ጊዜ ፕላስቲክ ስለሆነ ይቀልጣል።

ቦርሳ ከነጠላ በላይ ማንገት ልማድ ሆኗል፤ አልወደውም። ማንገቻው ነጠላውን ይጨመድደዋል፤ ዘለበቱም ክር ይስባል። ቦርሳውን መጀመሪያ አንግቶ ነጠላውን ከላይ መጣል፤ ዝናብም አይነካውም፣ ሌባም አያየውም። የጫማና የቦርሳ ቀለም የግድ አንድ ይሁን የሚለውም የእናቶቻችን ሕግ ነው፤ ሁለቱም ጠቆር ካሉ ወይም ሁለቱም ፈካ ካሉ ይበቃል። ጉትቻውም መንጠቆ ካለው ነጠላ ይይዛል። ክር ከተሳበ መቀስ አይነሣም፤ ጨርቁን በሰያፍ ወዲህና ወዲያ ቀስ ብሎ መሳብ፣ የቀረውን በመርፌ ወደ ውስጥ ማስገባት። ስልክ ላይ ደግሞ ሰሞኑን ጥለቱን ወደ ላይ አዙረው አንገታቸው ላይ የሚጠመጥሙ አያለሁ። ፎቶው ያምራል። እኛ ሰፈር እንዲያ ሆና የወጣች ግን እስክትደርስ ድረስ ሦስት ሰው “ማን ሞተብሽ?” ይላታል።

ብር ወይስ ወርቅ ቅብ? የወርቅ ቅቡ ሲላጥ ሥሩ ያለው መዳብ ላብ ሲነካው ቆዳን አረንጓዴ ያደርጋል፤ እሱ ይታጠባል። የሚያሳክክና የሚያቆስል ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ ኒኬል የሚባለው ብረት ነው፤ እሱን መልመድ አይቻልም። ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም ቢቀቡት ለጊዜው ይከላከላል፣ እስኪላጥ። የድሮዎቹ የብር ጌጦች ብዙዎቹ ከቀለጠ ጠገራ ብር፣ ከማሪያ ቴሬዛ ሳንቲም፣ የተሠሩ ናቸው፤ እያንዳንዱ ጠገራ 28 ግራም ገደማ ሆኖ 83 ከመቶው ንጹሕ ብር ነው፤ ላዩ ላይ ያለው 1780 የሚለው የፈረንጅ ዓመት በኋላ ዘመን በተመቱትም ላይ አልተቀየረም። ጥቁር ቢሉም አልተበላሹም፤ በለስላሳ ጨርቅ ማሸት ነው።

ስለ ቀዩ ጭቃ ስጽፍ ሐሳቤ ሌላ ቦታ ሄደ። ምሥራቅም ሆነ ምዕራብ ጎጃም እግሩ ያበጠ ገበሬ፣ ያበጠ እግሯን በቀሚስ የምትሸፍን ሴት ያላየ የለም። ዝሆኔ እንለዋለን፤ አንዳንዱም እርግማን ነው ይላል። አብዛኛው የደጋችን ግን ፖዶኮኒዮሲስ የሚሉት ነው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በመጣ ቀይ አፈር ላይ፣ ዝናብ በሚበዛበት አገር፣ ለዓመታት በባዶ እግር ሲኬድ ደቃቅ የማዕድን ቅንጣቶች በቆዳ ገብተው የሊምፍ መተላለፊያዎችን፣ ትርፍ ፈሳሽ ከእግር የሚመልሱትን ቀጫጭን ቱቦዎች፣ ያስቆጣሉ፤ ይዘጓቸዋልም። ትንኝ የለበትም፤ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በአንድ ቤት የሚደጋገመው ተጋላጭነቱ በዘር ስለሚወረስ ነው። ነገሩን ከአፈሩ ጋር ያያያዘው እዚሁ ኢትዮጵያ ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነበር። መከላከያው ከልጅነት የተጀመረ ሸፋኝ ጫማ፣ ማታ ማታ እግርን በሳሙና ታጥቦ ማድረቅ። ለሕፃን ጫማ ሲገዛ የ1 ሴንቲ ትርፍ ትቶ በየ3 ወሩ መለካት እንጂ፣ ለሁለት ዓመት ይሆናታል ተብሎ የተገዛ ሰፊ ጫማ ልጅቱ አውልቃ በእጇ ይዛው ነው የምትሄደው። ለካ እኔ የታኮ ወፍራምና ቀጭን የምለይበት ነገር ለሌላው እግሩን የማትረፍ ጉዳይ ነው።

እትዬ ይህን ቢያነቡ “አንች ልጅ፣ ደግሞ ጀመረሽ!” ይሉኛል። ይበሉኝ። እሳቸው የሚያምኑት እንሶስላ ነው። ሥሩ በክረምት ተቆፍሮ፣ ታጥቦ፣ ተወቅጦ፣ እጅና እግር ላይ ተለጥፎ በቅጠልና በጨርቅ ተጠቅልሎ ይታደራል፤ ሲደጋገም ቀለሙ ይጠቁራል። ለጾሙ አይሆንም፣ ለእንቁጣጣሽ እንጂ። ግን እሳቸው አንድ ነገር ብለው አፌን አስይዘውኛል፦ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ የማይወልቀው ጌጥ እሱ ብቻ ነው።

እውነታቸውን ነው። ያን ሁሉ የሶል ጥርስ፣ ሰም፣ ታኮ ዘርዝሬ፣ በሩ ላይ ሁሉም ይወልቃል። ሰው የሚያየው ካልሲ ነው፤ እሱም በጣቱ በኩል ካልተቀደደ። ማሰሪያ ያለው ጫማ በጃንጥላና በሕዝብ መካከል ቆሞ መፍታት ስለሆነ ቀርቷል፤ የሚሾልከው ደግሞ በጭቃ ይቀራል። ካልሲ ካላደረጉ ወለሉ በረዶ ነው፤ ካደረጉ ለእንቁጣጣሽ ሌሊቱን ሲሞቁት ያደሩት እንሶስላ ማን ያየዋል?