የሚጎድለው ውሃ

ኅዳር 26፣ ቱሉ ዲምቱ

በቤንዚንም በኤሌክትሪክም የምትሄደው ሃይብሪድ መኪናዬ ቴስታታዋ፣ ማለትም የሞተሯ የላይኛው ክዳን፣ ወርዶ ገላን ያለ ጋራዥ ውስጥ ቆማለች። እኔ በታክሲ ተጋፍቼ ገባሁ።

ጠዋት ጠዋት ሞተሯ ሲነሳ መንቀጥቀጧ አዲስ ነገር አይደለም፤ ከገዛኋት ጀምሮ ጥቂት ጥቂት ነበረባት። ከጥቅምት ወዲህ ግን ባሰባት። ግማሽ ደቂቃ ያህል ትንገጫገጭና ጸጥ ትላለች፤ ከዚያ ቀኑን ሙሉ ምንም የለባትም። ብርዱ ነው አልኩ። የቱሉ ዲምቱ ጠዋት ሰውንስ መች ሳያንቀጠቅጥ ያልፋል?

ውሃም ይጎድልባት ነበር፤ ከሥሯ ግን አንዲት ጠብታ አይታይም። በየሁለት ሳምንቱ እሞላለሁ። በልጅነቴ ከአባቴ አሮጌ መኪና ጀሪካን አይለይም ነበርና፣ መኪና ውሃ መጠጣቷ ለእኔ ሕመም ሳይሆን ጠባይ ነው። የት እንደሚገባ አንድም ቀን አልጠየቅሁም።

መካኒኩ ልጅ እግር ነው። የውሃውን መስመር በአየር ግፊት ወጥሮ አሳደረው፤ ሲነጋ ካንዴላዎቹን ፈታና በቀዳዳዎቹ ቀጭን ካሜራ አስገባ። «እትዬ፣ ይዩት» አለኝ። የሦስቱ ፒስተኖች አናት በጥላሸት ጠቁሯል። አራተኛው ታጥቦ እንደ ተደፋ ስኒ ያብረቀርቃል። እንዲህ የጸዳ ነገር አስደንግጦኝ አያውቅም።

በቴስታታውና በሞተሩ አካል መካከል ገብቶ ውሃውን ከሲሊንደሮቹ የሚለየው ጓርኒሲዮን ተበልቷል። ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ውሃው በቀረው ግፊት ቀስ እያለ ወደ ሲሊንደሩ ይሰርጋል፤ የጠዋቱ መንቀጥቀጥ ያ ውሃ ተንኖ እስኪያልቅ ነው፤ እንፋሎቱም ፒስተኑን ያጥበዋል። እንደ እኔዋ ያለች ሃይብሪድ ደግሞ እንደ ሌላው መኪና ሞተሪኖ፣ ያቺ ትንሿ ማስነሻ፣ የላትም፤ የቤንዚን ሞተሩን የሚያስነሳው ጉልበተኛ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ውሃ እንደ አየር አይታመቅም፤ በዛ ብሎ ባደረበት ቀን ፒስተኑን የሚገፋውን ዘንግ፣ ቢዬላውን፣ ሊያጎብጥ ይችላል። መካኒኩ ጥፋቱን የጣለው ጭሱን አቀዝቅዞ ወደ ሞተሩ በሚመልሰው መስመር ላይ ነው። የሚመለሰው ጭስ ቃጠሎውን ያበርዳል፤ መስመሩ በጥላሸት ሲደፈን ሙቀቱ ይጨምርና ጦሱ ለጓርኒሲዮኑ ይተርፋል። ማቀዝቀዣው ከሞተሩ ጀርባ ተደብቆ ስለሚገኝ በእነዚህ ሁሉ ዓመታት የነካው ሰው የለም።

ደላላው ጎረቤቴ ቀለል ያለ መድኃኒት ነበረው። «እህቴ፣ ምን አደከመሽ? ሽጪያት፤ ገዢው ሳይደርስ ሞቅ አድርገሻት ጠብቂው።» አልዋሽም፣ አንድ ሌሊት አሰብኩበት። ስደምር ስቀንስ አመሸሁ። ከዚያ ያ የሚያዝያ ቅዳሜ ትዝ አለኝ። ልገዛት ስሄድ ሻጩ በር ላይ ወጥቶ፣ ከመንገድ አሁን እንደ ተመለሰ ነግሮኝ ነበር። ኮፈኑ ላይ እጄን ባሳርፍ ትኩስ ነው። ማታ ለባለቤቴ «መኪናውን አሙቆ የሚጠብቅ ጨዋ ሰው አጋጠመኝ» ብዬ አወራሁለት። ሰውየው ላያውቅም ይችላል። ግን እጄ ያን ሙቀት አልረሳውም።

በማግስቱ ለመካኒኩ «ፍታው» አልኩት።

ቴስታታው ዛሬ ቶርኖ ቤት ገብቷል፤ ከሙቀቱ የተነሣ ጎብጦ እንደሆነ ይለካል። ቡሎኖቹም በአዲስ ይቀየራሉ፤ ሲጠብቁ ስለሚሳቡ ዳግመኛ አይታመኑም አለኝ። ልወጣ ስል ከኋላ የነበረውን የውሃ ጠርሙስ አውጥቶ ሰጠኝ። ታክሲ ውስጥ ጭኔ ላይ አስቀምጬው መጣሁ፤ ግማሽ ድረስ ውሃ አለው።