ሦስት ስም ያለው አንድ ቦታ

ሰሞኑን ለሥራ ባልደረቦቼ የጊትን፣ ማለትም የፕሮግራም ኮድ ለውጦችን መዝግቦ የሚይዘውን ሶፍትዌር፣ መመሪያ በአማርኛ እያዘጋጀሁ ነው። ገና ሁለተኛው ገጽ ላይ ተሰናከልሁ። ቀጣዩ ኮሚት (ጊት መዝግቦ የሚያስቀምጠው የሥራው ቅጂ) የሚሰናዳበት ቦታ በዋናው ሰነድ አንዴ «ኢንዴክስ»፣ አንዴ «ካሽ»፣ አንዴ ደግሞ «ስቴጂንግ ኤሪያ» ይባላል። አዲስ የገባች ባልደረባችን ረቂቁን አንብባ «ሦስቱ የሚገናኙት የት ላይ ነው?» አለችኝ። ሦስት ቦታዎች መስለዋት ነበር፤ አልፈረድሁባትም።

እኔ «መሰናዶ» ብዬ ልጸና ወሰንሁ። ትእዛዞቹ ግን እንዲህ በቀላሉ አይለቁም። የለውጦችን ልዩነት በሚያሳየው «ዲፍ» ላይ «ካሽድ» እና «ስቴጅድ» የሚሉት አማራጮች ፍጹም አንድ ናቸው። ይህን ያየ ሰው ተጽፎ የመጣ ለውጥን በሚያሳርፈው «አፕላይ» ላይም «ካሽድ» እና «ኢንዴክስ» አንድ ናቸው ብሎ ቢገምት ግን ይሳሳታል፤ የመጀመሪያው ለውጡን መሰናዶው ላይ ብቻ ያሳርፋል፣ ሁለተኛው በእጃችን ያለውን ፋይልም አብሮ ይለውጣል። ይህችን አንቀጽ አራት ጊዜ ጽፌ አራት ጊዜ ሰርዣታለሁ።

«ቼክአውት» ደግሞ በተቃራኒው ለሁለት ሥራ አንድ ስም ነው፤ ቅርንጫፍ (ለብቻው የሚሄድ የሥራ መስመር) ይቀይራል፣ ፋይልም ወደ ቀድሞ ይዞታው ይመልሳል። እኔም አንድ ጊዜ የቅርንጫፍ ስም መስሎኝ የፋይል ስም ጽፌ የግማሽ ቀን ሥራዬን ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ አጥፍቻለሁ። እ.ኤ.አ. በ2019 «ስዊች» እና «ሪስቶር» መጥተው ሥራውን ተካፈሉት። በእኔ መመሪያ ውስጥ ያሉትም እነዚህ ሁለቱ ብቻ ናቸው።

የታረመውን ረቂቅ ትናንት መልሼ ላክሁላት። «መሰናዶ» የሚለውን ቃል ከሥሩ አስምራ፣ ኅዳጉ ላይ ጥያቄ ጽፋ መለሰችው፦ «ይህ አራተኛው ነው?»