ሁለቱ ቢሾፖች በስንት ተራ ይገዛሉ?

ጅማ ሂርማታ መንገድ ዳር ጀበና ቡና የምትሸጥ ልጅ አለች፤ ዝናቡ ሲያባራ ዱካ ስበን ቼዝ የምንጫወተው እሷ ዘንድ ነው። የዘወትር ክርክራችን አንድ ነው፦ ገና በመክፈቻው ፈረስን በተጋጣሚ ቢሾፕ (በሰያፍ በሚሄደው ጠጠር) ለውጦ ሁለቱን ቢሾፖች ይዞ መቅረት ይሻላል ወይስ በዚያ ተራ ሌላ ጠጠር ማውጣት?

በቁጥር ሲታይ ቀላል ይመስላል። አሜሪካዊው ላሪ ካውፍማን እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው ጥናት ጥንድ ቢሾፕን የግማሽ ወታደር ብልጫ ሰጥቶታል። ሦስት ተራ አንድ ወታደር ያወጣል የሚል የቆየ ስሌት ደግሞ አለ። ስለዚህ ለጥንዱ አንድ ተራ መክፈል ያዋጣል፣ ሁለት አያዋጣም። ግን የተከፈለውን ማን ቆጠረው? እኔ ወረቀት ይዤ፣ ለልውውጡ የተንቀሳቀሱት ጠጠሮች፣ መልሶ የበላውም ጭምር፣ ስንት ተራ እንደፈጁ በሁለቱም ወገን መጻፍ ጀመርኩ።

ስላቭ በሚባለው መክፈቻ ጥቁር ቢሾፑን ኤፍ5 (የቦርዱ ቤቶች በፊደልና በቁጥር ይጠራሉ) ሲያወጣ፣ የነጭ ፈረስ ከኤፍ3 ወደ ኤች4 ሄዶ፣ ቢሾፑ ሲሸሽ ጂ6 ላይ ይበላዋል። ጡረታ የወጡት የሂሳብ መምህር ጋሼ «ልጄ፣ በመክፈቻ አንድ ጠጠር ደጋግመህ አትንካ» ይሉኛል። ወረቀቱ ግን ሌላ ይላል፦ ፈረሱ ሦስት ተራ ፈጀ፤ ጥቁርም ቢሾፑን ሁለቴ አንቀሳቅሶ በወታደር መልሶ በላ፣ ሦስት። ዕዳ የለም። ጥቁር ያተረፈው ለሩኩ የተከፈተውን የኤች መስመር ነው፤ ስለዚህ ነጭ ስሆን ንጉሤን በዚያ በኩል ካስል ለማድረግ (ከሩኩ ጋር በአንድ ተራ አዛውሬ ለመከለል) አልቸኩልም።

ኒምዞ ኢንዲያን በሚባለው መክፈቻ ላይ ሂሳቡ ይከብዳል። ነጭ ንግሥቱን ሲ2 አውጥቶ፣ በኤ3 ወታደር የጥቁርን ቢሾፕ ገፍቶ፣ ቢሾፑ ሲ3 ላይ ፈረሱን ሲበላ በንግሥት መልሶ ሲበላው፦ ፈረስ አንድ፣ ንግሥት ሁለት፣ ወታደር አንድ፣ ድምር አራት። የጥቁር ቢሾፕ የፈጀው ሁለት ነው። ጥቁር ካስል አድርጓል፣ ፈረሱ ወጥቷል፣ ተራውም የእሱ ነው። ታዲያ ትልልቆቹ ለምን በነጭ ይጫወቱታል? ቴምፖ (የተራ ብልጫ) እንደ ጀበና ቡና ነው፣ በትኩሱ ካልተጠጣ ይበርዳል፤ ጥንዱ ግን ይቆያል። ጥቁር ስሆን መሃሉን የምከፍተው ነጭ ጠጠሮቹን ሳያወጣ የሚጨበጥ ነገር ካየሁ ብቻ ነው፤ የተከፈተ ሜዳ በኋላ ለቢሾፖቹ ነውና። ካላየሁ ቢሾፔን ቢ7 ላይ አስቀምጬ፣ በዲ6 ዘግቼ እጠብቃለሁ።

ጋሼ አልተረቱም። «የዓለም ሻምፒዮኑ ላስከር እ.ኤ.አ. በ1914 ሴንት ፒተርስበርግ ላይ በስፓኒሽ መክፈቻ ጥንዱን ለኩባዊው ካፓብላንካ ሰጥቶ አላሸነፈም?» ይላሉ። ቆጠርኩላቸው፦ የላስከር ቢሾፕ ሁለት ተራ፤ የካፓብላንካ ፈረስ፣ ኤ6 እና መልሶ የበላው ወታደር ሦስት። እሳቸው «ጥንዱን የያዘው አንድ ተራ ከፍሎ ተሸነፈ፤ ይህ ለእኔ ይመሰክራል» ይላሉ፤ እኔ ደግሞ ያ ወታደር ለንግሥቱና ለቢሾፑ መንገድ ስለከፈተ እንደባከነ ተራ አልቆጥረውም።