ጉልበት ትጨምራለች የተባለችውን ሳጥን ስፈታት

ባለ 1 ሊትር ሞተር ቪትዝ ይዞ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የወጣ ሰው የምለውን ያውቀዋል። ነዳጅ መስጫው እስከ ወለሉ ይረገጣል፣ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናዋ ግን አትፈጥንም። ይህ ሲያማርረኝ ከርሞ፣ የፍሬን ሸራ ልገዛ ሱማሌ ተራ በሄድኩበት ቀን አንድ ወጣት ነጋዴ የክብሪት ሳጥን የምታህል ዕቃ አሳየኝ። «ጋሼ፣ ይቺን ከመሪው ሥር ካለው የዳያግኖስቲክ (የብልሽት መመርመሪያ) መሰኪያ ላይ ይሰኳት። 200 ኪሎ ሜትር እስኪነዱ አነዳድዎን ታጠናለች፤ ከዚያ በኋላ 25 በመቶ ጉልበት ትጨምርልዎታለች፣ ነዳጅም ትቆጥባለች» አለኝ። 2,500 ብር ከፍዬ ወሰድኳት።

ቅሬታችን ሐሰት አለመሆኑን አስቀድሜ መናገር እወዳለሁ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች፣ እዚህ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል ያነሰ ነው። ቤንዚን በሚገባ እንዲቃጠል ለ1 ኪሎ ግራም 14.7 ኪሎ ግራም ያህል አየር ይፈልጋል። ስለዚህ ሞተሩ የሚስበው አየር ሲሳሳ የመኪናው ኮምፒውተር ነዳጁንም በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ በፋብሪካው ወረቀት ላይ 70 ያህል የፈረስ ጉልበት የተጻፈለት ሞተርም እኛ ዘንድ ሲደርስ 55 ገደማ ብቻ ይሰጣል። (ቱርቦ ያላቸው ናፍጣ መኪኖች ዳገቱን ከእኛ ይልቅ የሚደፍሩት ቱርቦው አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባላቸው ነው።) የጎደለን አየር ነው፤ ሻጮቹ የሚነግዱትም በዚሁ ጉድለት ላይ ነው።

200 ኪሎ ሜትሩን በትዕግሥት ነዳሁ። ከዚያም በእሑድ ማለዳዎች፣ መንገዱ ባዶ በሚሆንበት ሰዓት፣ ያንኑ ዳገት ሦስት ጊዜ ሳጥኗን ሰክቼ፣ ሦስት ጊዜ ነቅዬ ወጣሁ፤ ሰዓቱን በስልኬ ያዝኩ። ያገኘሁት ልዩነት ሳጥኗ በሌለችበት ከአንዱ ጉዞ ወደ ሌላው ከሚታየው ልዩነት አይበልጥም ነበር። ማታ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ በትንሽ ካቻቪቴ ከፈትኳት። በውስጧ ያገኘሁት ሦስት ትናንሽ መብራቶች፣ አንድ የመጫኛ ቁልፍና ከጤፍ ቅንጣት እምብዛም የማይበልጡ ጥቂት ዕቃዎች የተበየዱበት አንድ አረንጓዴ ሰሌዳ ነው። መሰኪያው 16 እግሮች አሉት። 16ኛው የባትሪውን ፖዘቲቭ፣ 4ኛውና 5ኛው ኔጌቲቩን ያመጣሉ፤ እነዚህ ከመብራቶቹ ጋር ተገናኝተዋል። ከመኪናው ኮምፒውተር ጋር መልእክት የሚለዋወጡት እግሮች ግን ከምንም ጋር አልተያያዙም ነበር። ሳጥኗ ከሞተሩ ጋር አንድም ቃል ሳትለዋወጥ መብራቷን ስታበራና ስታጠፋ ኖራለች ማለት ነው።

እርሷስ ቢያንስ ጉዳት አላደረሰችም። ይበልጥ የሚያሳስበኝ ጉልበት ይጨምራል ተብሎ በአየር ሙቀት ሴንሰሩ ሽቦ ላይ የሚቀጠለው የሳንቲም ዋጋ ያለው ሬዚስተር (የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚገታ ትንሽ ዕቃ) ነው። የሴንሰሩ ሬዚስታንስ (ፍሰቱን የሚገታበት መጠን) አየሩ ሲቀዘቅዝ ስለሚጨምር፣ ተጨማሪው ሬዚስተር ኮምፒውተሩን «አየሩ ቀዝቃዛ፣ ስለዚህም የታመቀ ነው» ብሎ ይዋሸዋል፤ ኮምፒውተሩም ነዳጅ ይጨምራል። በተለመደው አነዳድ በጭስ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን የሚለካው ኦክስጅን ሴንሰር ስሕተቱን አይቶ ነዳጁን መልሶ ያስተካክላል። ነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻው ሲረገጥ ግን እርማቱ ይቀርና ትርፉ ነዳጅ ሳይቃጠል ይወጣል፤ ቤንዚኑን የሚለኩሰው ካንዴላ ይጠቁራል፣ ውሎ አድሮም ጭሱን የሚያጣራው ካታሊቲክ ኮንቨርተር ይጎዳል። የገዛው ሰው ለጉልበት ከፍሎ የጥገና ወጪ ይሸከማል፤ ይህ እጅግ ያሳዝነኛል።

በአየር መሳቢያው ቱቦ ውስጥ የምትገባው የኤሌክትሪክ ማራገቢያም አለች። ባለ 1 ሊትር ሞተር በደቂቃ 6,000 ጊዜ ሲዞር 3,000 ሊትር ያህል አየር ይስባል። ያን ሁሉ አየር ጨምቆ የባሕር ዳርቻውን ግፊት ለመመለስ ከ1 ኪሎዋት በላይ ኃይል ያስፈልጋል፤ ይህም በ12 ቮልት ባትሪ ሲሰላ 100 አምፔር ይጠጋል። ከማራገቢያዋ ጋር የሚሸጠው ሽቦ የስልክ ቻርጀር ሽቦ ያህል የቀጠነ ነው። ሞተሩ በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ ማራገቢያዋ መንገድ የምትዘጋ ዕንቅፋት እንጂ አጋዥ አይደለችም። የነዳጅ ቱቦ ላይ የሚታሰረው ማግኔትማ ቤንዚን ላይ ምንም አያደርግም። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ነዳጅ ይቆጥባሉ የተባሉ ከ100 በላይ ዕቃዎችን መርምሮ ፍጆታን ጉልህ በሆነ መጠን የሚያሻሽል አንድም አላገኘም።

ባለፈው ሳምንት በሜትር ታክሲ የሚተዳደር የሰፈራችን ልጅ ያችኑ ማራገቢያ ሊገዛ እንደሆነ ነገረኝ። የሁለት ቀን ገቢውን ሊያወጣባት ነበር። የፈታኋትን ሳጥን አምጥቼ አሳየሁት፤ ከዚያ የመኪናውን ኮፈን ከፍተን የአየር ፊልትሮውን አወጣነው። የአቧራው ብዛት ወረቀቱን አመድ አስመስሎታል፤ ፀሐይ ላይ ብንይዘው ብርሃን አያሳልፍም። ካንዴላዎቹም ጫፋቸው ተበልቶ ነበር። ፊልትሮና ካንዴላ ገዝቶ እዚያው ግቢያችን ውስጥ ቀየርን፣ የጎማውንም ንፋስ አስተካከልን። ማታ ደውሎ፣ «ጋሼ፣ ዳገቱን እንደ ድሮዋ ወጣችው» አለኝ።